ግራፍ ውስጥ ግራፍና ባር ቻርት ከተርሚናል፦ የትኛው መሣሪያ ይሻላችኋል?

ዳታው ዝግጁ ነው፣ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምትተይቡበት መስኮት) ተከፍቷል፣ የቀረው ግራፉ ነው። አንድ መስመር ብቻ ለመሳል ማንኛውም መሣሪያ ይበቃል፣ እዚያ ላይ ምርጫ ብላችሁ አትጨነቁ። ልዩነቱ የሚወጣው ሁለት ነገር ሲመጣ ነው። አንዱ ኢንሴት ነው፤ በትልቁ ግራፍ ባዶ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ግራፍ። ሌላው ባር ቻርት ነው፤ በተለይ ባሮቹ በቡድን በቡድን ጎን ለጎን ሲቆሙ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ። እዚህ ላይ አንዱ መሣሪያ በጥቂት መስመር ሲገላግላችሁ ሌላው ቀኑን ሙሉ ያስለፋችኋል።

ስለዚህ ስትመርጡ ዝናውን ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። ኢንሴቱ የሚታሰረው ከምን ጋር ነው፤ ከገጹ ወይስ ከዋናው ግራፍ? ባር ቻርቱስ ዳታውን በምን ቅርጽ ነው የሚፈልገው? ቀለም፣ ፎንት፣ የመስመር ውፍረት በሁሉም መሣሪያ ይስተካከላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ከመሣሪያው አሠራር ጋር አብረው የመጡ ናቸው፤ ልቀይራቸው ብላችሁ ስትነሱ ሁሌም ትግል ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፣ ስትተይቡ በላቲን ፊደል መሆኑን ታውቃላችሁ።

መልሱን ቀድሜ ልስጣችሁ፣ ምክንያቱ ከታች አለ። ሰርቨር ላይ ሰው ሳይነካው በየጊዜው ግራፍ የሚያወጣ ስክሪፕት ከፈለጋችሁ ግኑፕሎትን ያዙ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከ1986 ጀምሮ አለ፣ የድሮ ስክሪፕቶችም አብዛኛውን ጊዜ ዛሬም ይሠራሉ። ሥራችሁ ፓይተን ውስጥ ከሆነ ወይም ኢንሴት የምታበዙ ከሆነ ማትፕሎትሊብ ይሻላችኋል፣ በኢንሴት በኩል እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ የምትጠቀሙ ጂጂፕሎት2ን ከፓችወርክ ጋር አጣምሩት። ግራፉ የሚገባው በላቴክ (ሰነድ በትእዛዝ የሚዘጋጅበት ሥርዓት) በተጻፈ ሰነድ ውስጥ ከሆነ ፒጂኤፍፕሎትስ። ካርታ ከሆነ ጂኤምቲ። ቁጥሩን ለራሳችሁ አየት አድርጋችሁ ለማለፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ዩፕሎት ይበቃል።

ኢንሴቱ ከማን ጋር ነው የታሰረው?

በምሳሌ እንየው። የአንድ ሰርቨር የምላሽ ጊዜ ለ24 ሰዓት ተመዝግቧል እንበል። ቀኑን ሙሉ መስመሩ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ በ12ኛውና በ13ኛው ሰዓት መካከል ግን ሽቅብ ይተኮሳል። ሙሉውን ቀን ስትስሉ ያቺ አንድ ሰዓት ጠባብ ሹል ሆና ነው የምትታየው፣ ውስጧ ምን እንደተፈጠረ አይለይም። አንድ ጊዜ ነው የወጣው ወይስ ሦስት ጊዜ እየወጣ ወረደ? ይህን ለማሳየት ኢንሴት ያስፈልጋል።

ግኑፕሎት ላይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ሴት መልቲፕሎት» ትላላችሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ «ፕሎት» የቀደመውን ሳያጠፋ እዚያው ገጽ ላይ ይሳላል። ዋናውን ግራፍ ትስላላችሁ። ቀጥሎ «ሴት ኦሪጅን 0.5, 0.5» እና «ሴት ሳይዝ 0.4, 0.4»። የመጀመሪያው የኢንሴቱ የግራ ታችኛ ጥግ የት እንደሚያርፍ ይወስናል፣ ሁለተኛው ስፋቱንና ቁመቱን፤ ሁለቱም የሚለኩት ከሙሉው ገጽ አንጻር ነው። ከዚያ «ሴት ኤክስሬንጅ» ብላችሁ በካሬ ቅንፍ 12:13 ትሰጡታላችሁ። ቀጥሎ «ክሊር»፣ ያንኑ ፋይል እንደገና «ፕሎት»፣ በመጨረሻም «አንሴት መልቲፕሎት»። አለቀ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው «ክሊር»ን ነው። በመልቲፕሎት ውስጥ ስትሆኑ ሙሉውን ገጽ አያጠፋም፣ በሳይዝና በኦሪጅን የወሰናችሁትን ቦታ ብቻ ነው የሚያጸዳው። እሱ ከሌለ የዋናው ግራፍ መስመርና ግሪድ በኢንሴቱ ውስጥ ዘልቆ ይታያል፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሌላው ውርስ ነው። ለዋናው ግራፍ ያወጣችሁለት ርዕስ፣ ጽሑፍ፣ ቀስት፣ የቀለም መግለጫ፣ ሁሉም ወደ ኢንሴቱ ይሻገራል። ግኑፕሎት «ሴት» ያላችሁትን ነገር «አንሴት» እስክትሉት አይረሳም። ስለዚህ ኢንሴቱን ከመሳላችሁ በፊት «አንሴት ታይትል»፣ «አንሴት ኪይ»፣ «አንሴት ሌብል»፣ «አንሴት አሮው» ብላችሁ አራግፉት። በዚያው ስክሪፕት ሌላ ግራፍ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ «ሪሴት» ጨምሩ፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ግራፍ በኢንሴቱ መጠን ተጨብጦ ጥግ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። እነዚያ 0.5 እና 0.4 የሚለኩት ከገጹ ነው፣ ከዋናው ግራፍ አይደለም። ይህ ምን ያመጣል? ዛሬ ኢንሴቱን ባዶ ቦታ ላይ አስተካክላችሁ አስቀመጣችሁት። ነገ የዋይ ቁጥሮቹ ከ900 ወደ 90000 ሲያድጉ ግኑፕሎት ለቁጥሮቹ ቦታ ለመልቀቅ የዋናውን ግራፍ የግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ርዕሱ ሁለት መስመር ከሆነ ደግሞ ከላይ ያወርደዋል። ኢንሴቱ ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ ይወጣበታል ወይም ከሳጥኑ ሾልኮ ይሄዳል። በዚያ ላይ «ሳይዝ» የሚለካው የኢንሴቱን ሳጥን ብቻ አይደለም፣ በዙሪያው ያሉትን ቁጥሮች ጭምር ነው፤ ቁጥሮቹ ሲረዝሙ የኢንሴቱም ሳጥን ይጠብባል።

መፍትሔ አለው። «ሴት ኤልማርጅን አት ስክሪን 0.1»፣ «ሴት አርማርጅን አት ስክሪን 0.95» እያላችሁ፣ ለላይኛውና ለታችኛውም ጠርዝ እንዲሁ፣ የዋናውን ግራፍ አራቱን ጠርዞች ቸንክሩት። ለኢንሴቱም እንዲሁ አድርጉ። ያኔ ሁለቱም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። በራሱ ለሚሠራ ስክሪፕት ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እዚያ ግራፉን አይቶ የሚያስተካክል ሰው የለም።

ማትፕሎትሊብ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚይዘው። ከ3.0 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2018 ወዲህ፣ ዋናው ግራፍ ራሱ «ኢንሴት አክሲስ» የሚባል ትእዛዝ አለው። የምትሰጡት ልኬት ከዋናው ግራፍ ሳጥን አንጻር ነው። ርዕሱ ቢረዝም፣ ቁጥሮቹ ቢያድጉ፣ ዋናው ሳጥን ሲንቀሳቀስ ኢንሴቱም አብሮት ይሄዳል። እንደ እናትና እንደታዘለ ልጅ ናቸው። በላዩ ላይ «ኢንዲኬት ኢንሴት ዙም» አለ፤ የትኛው ቦታ እንደጎላ በዋናው ግራፍ ላይ በሳጥን ያሳያል፣ ከኢንሴቱ ጋርም በመስመር ያገናኘዋል። ይህን ግኑፕሎት ላይ ስትፈልጉ ሳጥኑን በ«ሴት ኦብጀክት»፣ መስመሮቹን በ«ሴት አሮው» በእጃችሁ ነው የምትሠሩት፣ ሬንጁ በተቀየረ ቁጥርም እንደገና ማስላት አለባችሁ። ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው። አንባቢ ኢንሴቱ ከየት እንደመጣ ካላወቀ ሁለት የማይገናኙ ግራፎች ያየ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማትፕሎትሊብ ኢንሴቱን ባዶውን ነው የሚሰጣችሁ፤ ዳታውን እንደገና እዚያ ውስጥ መሳልና ሬንጁን መወሰን የእናንተ ሥራ ነው። የዋናውን ግራፍ ቁራጭ አጉልቶ የሚያመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ባዶ ሳጥን አይተው ግራ ይጋባሉ።

አር ላይ ሁለት መንገድ አለ። አብሮት የሚመጣው የግራፍ ሥርዓት «ፓር» ውስጥ «ፊግ»ን ይጠቀማል፣ እሱም እንደ ግኑፕሎት ከገጹ ጋር የታሰረ ነው። አብሮት «ኒው» የሚለውን «ትሩ» ማድረግ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ገጹ ይጠፋና ከባዶ ይጀምራል። ኅዳጎቹንም በ«ማር» ካላጠበባችሁ ለትልቅ ግራፍ የታሰበው ኅዳግ ትንሿን ቦታ ይጨርሰውና ኅዳጉ ሰፋ የሚል ኤረር ይወጣላችኋል። ሁለተኛው መንገድ የጂጂፕሎት2 ነው። ፓችወርክ የሚባለው ተጨማሪ ፓኬጅ «ኢንሴት ኤለመንት» አለው። እሱ ካልነገራችሁት በቀር ከዋናው ግራፍ ሳጥን ጋር ነው የሚታሰረው፤ ከፈለጋችሁ ግን «አላይን ቱ» በሚለው ከሙሉው ገጽ ጋር እንዲሆን ማዘዝ ትችላላችሁ። ሁለቱንም ምርጫ በአንድ ቃል መስጠቱ በጣም ደስ ይለኛል።

ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ደግሞ ከአራቱ ቁጥሮች ተጠንቀቁ። ማትፕሎትሊብ፣ ፓችወርክና የአሩ «ፊግ» ሦስቱም ለኢንሴቱ ቦታ በ0 እና በ1 መካከል ያሉ አራት ቁጥሮች ይጠይቃሉ፣ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። ማትፕሎትሊብ ግራ፣ ታች፣ ስፋት፣ ቁመት ይላል። ፓችወርክ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። የአሩ «ፊግ» ደግሞ ግራ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ላይ። 0.5, 0.5, 0.9, 0.9 ብላችሁ ለፓችወርክ ብትሰጡት በላይኛው ቀኝ ጥግ የተስተካከለ ኢንሴት ታገኛላችሁ። ያንኑ ለማትፕሎትሊብ ብትሰጡት ኢንሴቱ ከግማሽ ተነስቶ ዋናውን ሳጥን ሰብሮ ይወጣል። ለ«ፊግ» ብትሰጡት ግራና ቀኙ አንድ ቦታ ላይ ስለሚውሉ ይስታል። ስክሪፕት ስትኮርጁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ፒጂኤፍፕሎትስ ለላቴክ ሰዎች ነው። ኢንሴት የሚሆነው በዚያው ሥዕል ውስጥ የሚከፈት ሁለተኛ «አክሲስ» ነው። ለዋናው ስም ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ኢንሴቱን በ«አት» ከዋናው ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። እዚህም የታሰረው ከግራፉ ጋር ነው። ጀርባውን ነጭ መሙላት የእናንተ ፈንታ ነው። ስፋቱን ስትሰጡ ለጽሑፎቹ የሚሆን ቦታ ተቀንሶ መሆኑን አስታውሱ፤ ሳጥኑ ራሱ ያን ያህል እንዲሰፋ ከፈለጋችሁ «ስኬል ኦንሊ አክሲስ» ጨምሩ። ትልቁ ጥቅሙ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ትልቁ ችግሩ ደግሞ ዳታ ሲበዛ የቴክ (ከላቴክ ሥር ያለው ፕሮግራም) ሜሞሪ ያልቅና ሥራው ይቆማል። ሉዋላቴክ በሚባለው የላቴክ ዓይነት ብታስኬዱት ይሻላል፣ ከዚያ በፊት ግን ነጥቦቹን ቀንሱ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ዓይን አይለየውም፣ የሰነዱን መጠን ብቻ ነው የሚያሳብጠው።

ጂኤምቲን በአጭሩ። በ2019 የወጣው ጂኤምቲ 6 «ኢንሴት ቢጊን» እና «ኢንሴት ኤንድ» የሚባሉ ትእዛዞች አሉት። በመካከላቸው የጻፋችሁት ሁሉ በትንሹ ሳጥን ውስጥ ይሳላል። ካርታ ጥግ ላይ ሌላ ካርታ ለማስቀመጥ ከዚህ የሚቀል አላውቅም። ባርም ይሠራል፣ ግን ለባር ብላችሁ ጂኤምቲ መማር አያዋጣም።

ባር ቻርት፦ ዳታችሁ ሰፊ ነው ወይስ ረጅም?

ሰፊ ዳታ የምለው እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ወር ሆኖ፣ ከጎኑ የሦስት ቡድኖች ቁጥር በሦስት ኮለም የተደረደረበትን ነው። ረጅም ዳታ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ወር፣ ቡድን፣ ቁጥር እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ያው ዳታ ነው፣ ግን መሣሪያው የሚፈልገው አንዱን ነው።

ግኑፕሎት ሰፊውን ይወዳል። «ሴት ስታይል ዳታ ሂስቶግራም»፣ «ሴት ስታይል ሂስቶግራም ክላስተርድ ጋፕ 1»፣ «ሴት ስታይል ፊል ሶሊድ»። ከዚያ ሁለተኛውን ኮለም «ዩዚንግ 2:ኤክስቲክ(1)» ብላችሁ፣ ሦስተኛውን በኮማ አስከትላችሁ ትስላላችሁ። የመጀመሪያው ኮለም ከባሮቹ ሥር ስም ሆኖ ይመጣል። ተደራራቢ ስትፈልጉ «ክላስተርድ»ን በ«ሮውስታክድ» መተካት ብቻ ነው። በዚህ ግኑፕሎትን የሚያህል የለም፤ ፋይሉ ሰፊ ከሆነ አንድም ስሌት ሳትሠሩ ትጨርሳላችሁ። ፋይሉ ረጅም ከሆነ ግን መጀመሪያ ኦክ በሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ትእዛዝ ወይም በሌላ ነገር ወደ ሰፊ ማዞር አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ ከግራፉ በላይ ኮድ ይወስዳል።

ሁለት ነገር ታስተካክላላችሁ። «ሶሊድ» ካላላችሁት ባሮቹ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ በመስመር ብቻ ነው የሚወጡት። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የዋይ አክሲስ ከዜሮ ላይጀምር ይችላል። ባሮቹ 94፣ 96፣ 99 ከሆኑ ግኑፕሎት ከ94 ጀምሮ ሊስላቸው ይችላል፣ ያኔ የመጀመሪያው ባር የለም ማለት ነው። «ሴት ዋይሬንጅ» ብላችሁ 0:* ስጡት፣ ኮከቡ የላይኛውን ራስህ ወስን ማለት ነው። ፒጂኤፍፕሎትስ ላይም «ዋይሚን» 0 መሆኑን ራሳችሁ ጻፉ። ማትፕሎትሊብ፣ ጂጂፕሎት2 እና የአሩ «ባርፕሎት» ዜሮን ራሳቸው ያስገባሉ። ባር በርዝመቱ ነው የሚነበበው፤ ከግርጌው የተቆረጠ ባር አንባቢን ያሳስታል።

ጂጂፕሎት2 በተቃራኒው ረጅሙን ነው የሚፈልገው። ሰፊ ካላችሁ «ፒቮት ሎንገር» አዙሮ ይሰጣችኋል። ከዚያ «ጂኦም ኮል»፣ ጎን ለጎን እንዲሆኑ ፖዚሽኑን «ዶጅ» ማለት። ጀማሪ ሁሉ የሚያዘው «ጂኦም ባር» ላይ ነው፤ እሱ ረድፎችን ይቆጥራል እንጂ የሰጣችሁትን ቁጥር አይስልም። ቁጥሩ ተቆጥሮ ካለቀ «ኮል»፣ ገና የሚቆጠር ከሆነ «ባር»። ሌላው፣ ስሞቹን በፊደል ተራ ነው የሚደረድራቸው። ወራትን ስም ብቻ አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ቅደም ተከተላቸው ይዘበራረቃል፣ «ፋክተር» አድርጋችሁ ተራውን ራሳችሁ ወስኑ። ግኑፕሎትና ማትፕሎትሊብ በመጡበት ተራ ይስሏቸዋል።

ማትፕሎትሊብ እዚህ ላይ ይደክማል። «ባር» የሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ባር ቦታ ከእናንተ ይጠብቃል። ሦስት ቡድን ካለ የባሩን ስፋት ራሳችሁ ትወስኑና አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን መሃል፣ አንዱን ወደ ቀኝ ታንሸራትታላችሁ። ስትደራርቡም የታችኛውን ድምር በ«ቦተም» እየያዛችሁ ነው። ይህን ትግል ለመዝለል ፓንዳስን (በፓይተን ቴብል የሚያዝበት ላይብረሪ) አስገቡና ሰፊውን ቴብል «ፕሎት ባር» በሉት፤ ቡድኑን እሱ ይደረድራል፣ «ስታክድ» ካላችሁትም ይደራርባል። የሚመልሰው ተራ የማትፕሎትሊብ ግራፍ ስለሆነ ኢንሴት ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥምረት ከሁሉም ይበልጣል። ባሩ አናት ላይ ቁጥር ለመጻፍም ከ3.4 ጀምሮ «ባር ሌብል» አለ።

የአሩ «ባርፕሎት» ማትሪክስ ይቀበላል፣ እያንዳንዱ ኮለም አንድ ባር ይሆናል፣ ረድፎቹ ደግሞ በውስጡ ይደራረባሉ። ጎን ለጎን ለማድረግ «ቢሳይድ» ትሩ። የሚገርመውና የሚጠቅመው የባሮቹን መሃል ቦታ መልሶ መስጠቱ ነው፤ በስም ያዙት፣ የኤረር መስመር (ቁጥሩ ወደ ላይና ወደ ታች ምን ያህል ሊስት እንደሚችል የሚያሳየው) ስትጨምሩ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ኤረር መስመር ካነሳን፣ ግኑፕሎት «ሂስቶግራም ኤረርባርስ» ይላል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ የኤረሩን ኮለም መስጠት ብቻ። ማትፕሎትሊብ «ዋይኤረር»። ጂጂፕሎት2 ላይ ግን ባሮቹ ጎን ለጎን ከሆኑ ለ«ጂኦም ኤረርባር» ዶጁን 0.9 ብላችሁ ንገሩት፣ ባሮቹ በዚያ ስፋት ስለሚሄዱ። አለበለዚያ መስመሮቹ ሁሉ መሃል ላይ ይከመራሉ።

ስሞቹ ረጃጅም ከሆኑ ባሮቹን አጋድሟቸው፣ ጽሑፉን በ45 ዲግሪ ከማዘንበል ሺህ ጊዜ ይሻላል። እዚህ ግኑፕሎት ወደ ኋላ ይቀራል፣ የሂስቶግራም ስታይሉ አይጋደምም፣ በ«ቦክስኤክስዋይኤረር» እየዞራችሁ ነው የምትሠሩት። ማትፕሎትሊብ «ባርኤች» አለው፣ ግን የመጀመሪያውን ከታች ስለሚያስቀምጥ «ኢንቨርት ዋይአክሲስ» አስከትሉ። ጂጂፕሎት2 ላይ ኤክስና ዋይን መለዋወጥ ብቻ ነው።

አንዱ ባር ሌሎቹን ሲውጣቸው

ኢንሴትና ባር የሚገናኙት እዚህ ነው። ከሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሆነውን ከሚመዘግብበት) የኤረር መልእክት ዓይነቶችን ቆጠራችሁ እንበል። አንዱ 48000 ጊዜ ወጥቷል፣ የቀሩት አምስቱ ከ40 እስከ 300። ግራፉ ላይ አንድ ግንብ ይቆማል፣ አምስቱ ከመሬት አይነሱም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሎግ ስኬል ነው፤ እኩል እርምጃ እኩል እጥፍ የሚሆንበት መለኪያ። ለመስመርና ለነጥብ ጥሩ ነው፣ ለባር ግን አይሆንም። ሎግ ስኬል ላይ ዜሮ የለም፣ ስለዚህ ባሩ ከየት እንደሚጀምር በዘፈቀደ ይወሰናል፣ ርዝመቱም ትርጉም ያጣል። ሎግ ካስፈለገ ባሩን ትታችሁ ነጥብ ሳሉ። ሌላው አክሲሱን መሃል ላይ መቁረጥ ነው። እኔ አልመክረውም፣ የተቆረጠውን ምልክት ያላየ አንባቢ ሁለቱ ባሮች የሚቀራረቡ ይመስለዋል።

ኢንሴት ይሻላል፤ ዋናው ግራፍ ስድስቱንም ያሳያል፣ ከግንቡ ጎን ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ደግሞ አምስቱን ብቻ የያዘ ኢንሴት ይቀበላል። ግኑፕሎት ላይ ፋይሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ከተደረደረና የራስጌ መስመር ከሌለው፣ በኢንሴቱ ፕሎት ውስጥ «ኤቭሪ ::1» ማለት ይበቃል፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ረድፍ ይዘለላል፣ የቀረው ይሳላል። ማትፕሎትሊብ ላይ ከሁለተኛው ጀምሮ ቆርጣችሁ ለኢንሴቱ ትሰጣላችሁ። ኢንሴቱም ከዜሮ ይጀምር፣ የዋይ ቁጥሮቹም በግልጽ ይታዩ፣ ምክንያቱም አንባቢ የሁለቱን ባሮች ቁመት ማወዳደሩ አይቀርም። ቦታ ካላችሁ ግን ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከኢንሴትም ይሻላል። ኢንሴት ቦታ ሲጠብ ነው የሚመረጠው።

ፋይል ለማያስፈልገው

ለራሳችሁ ብቻ ማየት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ምስል ማውጣት ለምን? በሩቢ የተጻፈው ዩፕሎት በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) የመጣለትን ተቀብሎ ተርሚናሉ ላይ ባር ይስላል። «ዩፕሎት ካውንት» ቆጠራውንም ራሱ ይሠራል፣ «ሶርት» እና «ዩኒክ» የሚባሉትን የመደርደሪያና የመቁጠሪያ ትእዛዞች ማያያዝ አያስፈልግም። በኮማ የተለየ ዳታ ከሆነ በ«ዲ» ምልክት ኮማውን ንገሩት። ግራፉን በነባሪነት የሚያወጣው በስታንዳርድ ኤረር (ለስህተት መልእክት በተለየው መውጫ) በኩል ነው፤ ወደ ፋይል ስትመልሱት ባዶ ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይህ ነው፣ «ኦ» ምልክት ጨምሩ። በፓይተን የተሠራው ተርምግራፍም ስምና ቁጥር በየመስመሩ ከሰጣችሁት ያንኑ ያደርጋል። ግኑፕሎት ያላችሁ «ሴት ተርሚናል ደምብ» በሉት፣ ግራፉን በፊደልና በሰረዝ ያወጣዋል። ኢንሴት ከእነዚህ አትጠብቁ፣ ቦታውም አይበቃም።

የአማርኛ ጽሑፍና የሚወጣው ፋይል

ግራፋችሁ ላይ አማርኛ ከጻፋችሁ ይህ ራሱ ምርጫውን ሊቀይረው ይችላል። ግኑፕሎት በ«ፒኤንጂካይሮ» ወይም «ፒዲኤፍካይሮ» ከሆነ ፊደሉ በተመረጠው ፎንት ውስጥ ባይኖር እንኳ ሲስተሙ ላይ ካሉት ውስጥ ራሱ ፈልጎ ያመጣል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው አንድ ፎንት መጫኑን ብቻ አረጋግጡ። ማትፕሎትሊብ አብሮት የሚመጣው ደጃቩ ሳንስ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በፊደሎቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ፣ ተርሚናሉ ላይም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑና «ፎንት ፋሚሊ» ላይ ስሙን ጻፉ፤ ከ3.6 ጀምሮ ሁለት ፎንት በዝርዝር ብትሰጡት አንዱ የሌለውን ከሌላው ይወስዳል። አር ላይ «ፒዲኤፍ» የሚለውን ተዉት፣ «ካይሮ ፒዲኤፍ» ተጠቀሙ። ላቴክ ላይ ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ ነው፣ የድሮው ፒዲኤፍላቴክ አያዋጣም።

ሰርቨር ላይ ስክሪን ስለሌለ ማትፕሎትሊብ መስኮት ልክፈት ብሎ ከወደቀ «ኤምፒኤልባክኤንድ» የሚለውን ቫሪያብል «አግ» አድርጉለት። አርስክሪፕት የውጤት ፋይል ካልነገራችሁት «አርፕሎትስ» የሚባል ፒዲኤፍ በዚያው ፎልደር ያስቀምጣል፣ ግራፌ የት ገባ ስትሉ እዚያ እዩ። ግኑፕሎትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ግራፍ የምታስወጡት ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ በኋላ «አንሴት አውትፑት» በሉ። ፋይሉ የሚዘጋው ያኔ ነው፤ ካልተዘጋ ምስሉ ባዶ ወይም የተቆረጠ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ስክሪፕቱ ግን አንድም ኤረር አያሳይም። መልቲፕሎት ውስጥ ከሆናችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፣ መጀመሪያ «አንሴት መልቲፕሎት»፣ ቀጥሎ «አንሴት አውትፑት»።